ባለ ቀንዱ ባልና የሳቁ ዕዳ

እንግሊዛዊ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ ጃንጥላውን ያንጠለጠለ፣ ክራቫቱን ያጠበቀ፣ ሻዩን በሰዓቱ የሚጠጣ፣ ስለ አየሩ ጠባይ እንጂ ስለ ጓዳው የማያወራ ጨዋ። ይህን ሰው ያስተዋወቁን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ናቸው። መጻሕፍቱ ስለ ሼክስፒር ነግረውናል፤ ስለ ዲክንስም ነግረውናል። በሼክስፒር ዘመን የነበረው ተራ ሰው በገበያና በመሸታ ቤት ምን ይዘፍን እንደነበር ግን አልነገሩንም። ቢነግሩን ኖሮ ያ ጨዋ ሰውዬ ከነጃንጥላው ይጠፋብን ነበር። በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘቡን አውጥቶ ከገዛቸውና ጮክ ብሎ ከዘፈናቸው ዘፈኖች መካከል ስለ ወሰለተች ሚስትና ስለ ተታለለ ባል የተገጠሙ፣ ዓይን ያወጡ የብልግና ግጥሞች ሰፊ ቦታ አላቸውና።

ለዚህ አንድ ምስክር ላቅርብ። ሳሙኤል ፒፕስ ይባላል። ከ1633 እስከ 1703 የኖረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ከመሩት ትልልቅ ሹማምንት አንዱ ነው። ፒፕስ እንደ ማዕረጉ የላቲን መጻሕፍት ብቻ ሰብስቦ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን በየመንገዱ የሚሸጡትን የዘፈን ወረቀቶች ሳይቀር ለቀመ። ጆን ሰልደን የተባለው የሕግ ሊቅ የጀመረውን ስብስብ ተቀብሎ ከ1,800 በላይ አደረሰውና በአምስት ጥራዝ አስጠረዘው። ስብስቡ ዛሬም በካምብሪጅ ሞድሊን ኮሌጅ፣ በፒፕስ ስም በሚጠራው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሰውየው የቢሮ ሰው ነበርና ዘፈኖቹን በየርእሱ መደባቸው፤ ሃይማኖትና ግብረ ገብ፣ ታሪክ፣ ደስ የሚል ፍቅር፣ ያልቀና ፍቅር፣ ባሕር፣ መጠጥና ወዳጅነት እያለ። ከርእሶቹ አንዱ “ትዳር፣ ባለ ቀንድነት፣ ወዘተ” ይላል። ትዳርና ባለ ቀንድነት በአንድ መዝገብ! “ወዘተ” የምትለዋን ደግሞ አንባቢ እንደ ልቡ ይሙላት።

ቃሉ ለእኛ ጆሮ ማብራሪያ ይሻል። በአማርኛ ቀንድ የሚያስከብር ነገር ነው። የአንድ ጉዳይ ዋና መሪ “ቀንደኛ” ይባላል፤ የተዋረደ ሰው “ቀንዱ ተሰበረ” ይባላል፤ በመዝሙረ ዳዊትም የቀንድ ከፍ ማለት የሰው መክበር ነው። በእንግሊዝና በሌላውም የአውሮፓ አገር ግን ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር የሄደችበት ባል በግንባሩ ላይ ቀንድ ያበቅላል ተብሎ ይቀለድበታል። ቀንዱን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ የማያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ለዚህ ባል እንግሊዞች የተለየ ስም አላቸው፤ ስሙም ኩኩ ከምትባለው፣ እንቁላሏን በሰው ጎጆ ከምትጥለው ወፍ የመጣ ነው። እኛ “ውሽማ” ስንል ዓይናችን የሚያርፈው በሦስተኛው ሰው ላይ ነው። የእነርሱ ስድብ ያረፈው ግን በተበደለው ባል ላይ ነው። እኔም “ባለ ቀንድ ባል” እያልሁ እቀጥላለሁ።

ቀንዱ በቃል ብቻ የቀረ ቀልድ አልነበረም። ከለንደን በቴምዝ ወንዝ ቁልቁል ሲወረድ ሮዘርሃይዝ አጠገብ “የባለ ቀንዶች ጥግ” የተባለ የወንዝ ዳርቻ አለ፤ በዘመኑ ቀንድ የተሰቀለበት ረጅም እንጨት ቆሞበት ነበር። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ ንጉሥ ጆን ከአንድ ወፍጮ ባለቤት ሚስት ጋር ሲማግጥ ተያዘ፤ ለባልየው ካሣ እንዲሆነው መሬት ሰጠው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ቻርልተን ደግሞ በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በቅዱስ ሉቃስ በዓል፣ “የቀንድ ገበያ” ይቆም ነበር። የወንጌላዊው ሉቃስ ምልክት በሬ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰዉ ቀንድ አስሮ፣ ወንዱ የሴት ልብስ ለብሶ፣ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ እየዘፈነ ወደ ገበያው ይሄዳል። ደራሲው ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የአገር ጉብኝት መጽሐፉ ሴቶች በዚያ ቀን ልጓማቸውን ይበጥሳሉ ብሎ አምርሮ ጽፏል። ገበያው የታገደው በ1870ዎቹ ነው።

እንግዲህ ዘፈኖቹ የተወለዱት በዚህ ዓለም ነው። ባላድ ይሏቸዋል፤ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ማለት ነው። በአንድ ወገኑ ብቻ በታተመ ነጠላ ወረቀት ላይ ይወጣሉ። ከላይ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ጥቅጥቅ ባለ ጥቁር ፊደል ግጥሙ ይከተላል። ኖታ የለም። በኖታ ፈንታ “በእንዲህ ያለ ዜማ ይዘፈናል” የሚል አንድ መሥመር አለ፤ ዜማውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ዋጋው ብዙውን ጊዜ አንድ ፔኒ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወጣ ሕግ ጥሩ ቢራ ከአንድ ሊትር በላይ በፔኒ እንዲሸጥ ያዝዝ ስለነበር አንድ ዘፈን የአንድ ትልቅ ጽዋ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ሻጩ ወይም ሻጯ ገበያ መካከል ቆመው እየዘፈኑ ይሸጣሉ፤ ማንበብ የማይችለውም ሰምቶ ይይዛል። ወረቀቱ መሸታ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሲያረጅ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። አታሚዎቹ ቆጣቢዎች ስለነበሩ አንዱን ሥዕል በየዘፈኑ ይደጋግሙታል፤ ዛሬ የታማኝ ሚስት ምስል ሆና የታተመችው ሴት ነገ የወስላታዋ ምስል ሆና ትወጣለች።

ሼክስፒር “የክረምት ተረት” በተባለው ተውኔቱ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሻጭ ኦቶሊከስ በሚል ስም መድረክ ላይ አውጥቶታል። የገጠር ልጃገረዶቹ ሊገዙት ሲሉ ደጋግመው የሚጠይቁት ስለ ዜማው ወይም ስለ ግጥሙ ውበት አይደለም፤ እውነት ነው ወይ? ይላሉ። ይህ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እኔም ልደግመው እወዳለሁ። በእነዚህ የብልግና ዘፈኖች ውስጥ ያለው ሳቅ እውነት ነው ወይ? ከሆነስ የሚሳቀው በማን ላይ ነው? ሳቁ ካበቃ በኋላ ዕዳውን የከፈለው ማን ነው?

ጥያቄውን የማነሣው ስለ እነዚህ ዘፈኖች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን በአንዱ ሲቆሙ ስለማይ ነው። አንደኛው ወገን ቆሻሻ ነው፣ ይደበቅ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የኋለኛው ዘመን ጭምትነት ሳይመጣ በፊት ሕዝቡ ምንኛ ነፃ እንደነበር፣ ሴቲቱስ ባሏን ምንኛ ታሾፍበት እንደነበር ተመልከቱ እያለ ያጨበጭባል። ሁለቱም ወረቀቱን አንብበው ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ያላዩ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ወረቀቱን እንመልከት። ዘፈኖቹ ብዙ ቢሆኑም መልካቸው ጥቂት ነው። አንዱ መልክ የባል ብሶት ነው፤ ሚስቴ ቀን ትተኛለች፣ ማታ ትወጣለች፣ ከማን ጋር እንደምታመሽ አትጠይቀኝ ትላለች እያለ ያለቅሳል። ሁለተኛው የብልሃት ታሪክ ነው፤ ባል በድንገት ይመጣል፣ ውሽማ ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ይገባል፣ ሚስት ዓይኗን ሳታሽ ሰበብ ትፈጥራለች። ሦስተኛው ዐውቆ ዝም ያለው ባል ነው፤ ሚስቱ የምታመጣው ገንዘብ ጓዳውን ስለ ሞላለት ቀንዱን እንደ ባርኔጣ አድርጎ ይኖራል። አራተኛው ምክር ነው፤ አትፈልግ፣ አታሥስ፣ ከንጉሥ እስከ ሥጋ ሻጭ ቀንድ ያላወጣ የለም፣ ጎረቤትህ ላይ ስትስቅ የራስህን ግንባር ዳስስ ይላል። ባልየው ብዙውን ጊዜ የእጅ ሥራ ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ባለ ወፍጮ። ውሽማው ደግሞ መርከበኛ ነው፣ ቄስ ነው፣ ወይም ድስት ጠጋኝ ነው።

ድስት ጠጋኙ የሚጠግነው ድስት እንዳልሆነ፣ ባለ ወፍጮውም የሚፈጨው እህል እንዳልሆነ ለመረዳት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። በሰምና ወርቅ ያደገ የአማርኛ አንባቢ የዚህን ብልሃት መንገድ ወዲያው ያውቀዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ የሃያሲ ድርሻዬን ልወጣና ድክመታቸውን ልናገር። በጥሩ ቅኔ ሰሙ ሲገለጥ ወርቁ ያስደንቃል፤ የጠበቅነው ሌላ፣ ያገኘነው ሌላ ይሆናል። በእነዚህ ዘፈኖች ግን ሰሙ ሺህ ነው፤ መዶሻ፣ ወፍጮ፣ ምንቸት፣ መርፌ፣ ማረሻ። ወርቁ ሁልጊዜ ያው አንድ ነው። አሥር ዘፈን ያነበበ ሰው አሥራ አንደኛውን ሳያነብ ይፈታዋል። ቶማስ ደርፊ ከ1698 ጀምሮ እየተጨመረበት በወጣውና በ1720 ስድስት ቅጽ በደረሰው ታዋቂ መድበል ውስጥ እንዲህ ያሉ ዘፈኖችን ከነዜማቸው ለባለ ጸጋው ክፍል አቅርቧል፤ ተከታትሎ ለሚያነብ ሰው ግን ድካሙ ያይላል። ዘፈኖቹ ለጽዋ መካከል እንጂ ለመጽሐፍ አልተገጠሙማ።

ከዚህ ተራ መንጋ የሚለዩ አሉ። ለእኔ የሁሉም አውራ “የቤታችን ጌታ” ልንለው የምንችለው ዘፈን ነው። ዴቪድ ኸርድ በ1776 ባሳተመው የስኮትላንድ ዘፈኖች መድበል ውስጥ ይገኛል፤ በዘመን ትንሽ ዘግየት ቢልም የዚያው ዘር ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ባል ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በደጁ የማያውቀውን ፈረስ ያያል። የማነው? ሲል ሚስቱ ዕውር! ላም ናት፣ እናቴ ልካልኝ ነው ትለዋለች። ባልም ብዙ አገር ዞሬያለሁ፣ ኮርቻ የተጫነባት ላም ግን አላየሁም ይላል። ቀጥሎ ቦት ጫማ ያያል፤ የውሃ ባልዲ ነው ትለዋለች። ሰይፍ ያያል፤ የገንፎ ማማሰያ ነው። የወንድ ዊግ ያያል፤ የታቀፈች ዶሮ ናት። ካፖርት ያያል፤ ብርድ ልብስ ነው። በመጨረሻ አልጋው ላይ አንድ ጠብደል ሰው ያገኛል፤ እናቴ የላከችልኝ አዲስ ላም አላቢ ገረድ ናት ትለዋለች። ባል የሚመልሰው ጢም ያላት ገረድ አይቼ አላውቅም ብሎ ነው።

ይህ ዘፈን ለምን ይበልጣል? አንደኛ፣ ባልየው ሞኝ አይደለም። ሁሉን አይቷል፤ ኮርቻውን፣ ቁልፉን፣ ጢሙን ሳይቀር ቆጥሯል። የሚታየውን እየተናገረ የሚያውቀውን አይናገርም። ሁለተኛ፣ ሚስቲቱ የምትዋሸው እንዲያምናት አይደለም። ማንም የማያምነውን ውሸት በሙሉ ድምፅ በመናገር እስከ የት ድረስ ትደፍራለህ? እያለችው ነው። ነገሩ ከፈረስ ጀምሮ እርምጃ በእርምጃ ወደ አልጋው ይጠጋል፤ ሰሚው እየሳቀ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ ዘፈኑ ያልቃል። ዱላ የለም፣ ፍርድ የለም፣ ትምህርት የለም። ሁለቱ ሰዎች እዚያው ቆመው ቀርተዋል። ትዳር ውስጥ የታወቀና ያልተነገረ ነገር እንዴት አብሮ እንደሚያድር ከዚህ በበለጠ አሳጥሮ የገለጸ ሥራ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ከዚህ ጎን ደግሞ በዚያው ጉዳይ ላይ የተገጠመ አሳዛኝ ባላድ እናስቀምጥ። “ትንሹ መስግሬቭና እመቤት ባርናርድ” ይባላል፤ በ1613 በታተመ ተውኔት ውስጥ ከግጥሙ የተጠቀሰ ስላለ በዚያ ዘመን የታወቀ ነበር። እመቤቲቱ መስግሬቭን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይታ ትወደዋለች፤ ማታ ከእርሷ ጋር ያድራል። አንድ አሽከር ሮጦ፣ ወንዝ ዋኝቶ ለጌታው ይናገራል። ጌታው ከሰዎቹ ጋር ሲመጣ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ወጣቱ ይሰማል፤ ሴቲቱ ግን እረኛ ነው፣ ተኛ ትለዋለች። ጌታው ገብቶ ለወጣቱ ሰይፍ ሰጥቶ ይገጥመዋል፤ ይገድለዋል፤ ከዚያም ሚስቱን ይገድላታል። በኋላ ይጸጸታል።

ሁለቱን አስተያዩአቸው። በአሳዛኙ ዘፈን ባልየው ባላባት ነው፤ ቀንዱ በእጁ ያለ ቀንደ መለከት ነው። በአስቂኙ ዘፈን ባልየው ተራ ሰው ነው፤ ቀንዱ በራሱ ላይ የበቀለ ነው። ሰይፍ ያለው ይገድላል፣ ይታዘንለታል፤ መርፌና መቀስ ብቻ ያለው ይሳቅበታል። እንግዲህ አስቂኙ ባላድ ለሴቲቱ አንድ ትልቅ ውለታ ውሎላታል፤ በዘፈኑ ውስጥ ሕይወቷን አትርፎላታል። ይህን መካድ አይቻልም። ከዘፈኑ ውጭስ?

ከዘፈኑ ውጭ የቤተ ክርስቲያን ችሎት ነበረ። በዝሙት የተፈረደበት ሰው ነጭ አንሶላ ተከናንቦ፣ በእጁ በትር ይዞ፣ እሑድ ቀን በምእመናን ፊት ቆሞ ኃጢአቱን ይናዘዛል። ቅጣቱ በወንዱም ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሆኖም የሴቷ ስም ከወንዱ ስም በቀለለ ይጠፋል። ላውራ ጋውዊንግ የተባለች የታሪክ ተመራማሪ የለንደንን ችሎት መዛግብት መርምራ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ስሜ ጠፋ ብለው ከሚከሱት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የሚከሱበትም ስድብ በአብዛኛው “ሸርሙጣ” የሚለው ነው። ወንዱ “ባለ ቀንድ” ተብሎ ሲሰደብ እንኳ ስድቡ ዞሮ የሚያርፈው በሚስቱ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ የሚያስቀው ቃል ደጃፍ ላይ ሲነገር እንጀራ የሚያሳጣ፣ ጋብቻ የሚያፈርስ ቃል ነበር።

ከችሎቱ ሌላ የጎረቤት ፍርድ ነበረ። ሚስቱ የምታዝዘው፣ የምትመታው ወይም የምታታልለው ባል ሲገኝ የሰፈሩ ሰው ድስትና ምጣድ እየደበደበ፣ ቀንድ እየነፋ ደጁ ላይ ይሰለፋል። ባልየውን ወይም እርሱን መስሎ የሚጫወት ጎረቤት እንጨት ላይ ወይም ፈረስ ላይ ፊቱን አዙረው ያስቀምጡታል፤ የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ በጭልፋ ይደበድበዋል። በሶመርሴት በሚገኘው የሞንታኪዩት ቤተ መንግሥት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይህ ሰልፍ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መባቻ በኖራ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። የመኳንንት ምግብ ቤት ጌጥ ሆኖ ማለት ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በባለ ቀንዱ ባል ላይ የሚሳቀው ስለ ተበደለ አይደለም፤ ቤቱን ስላልገዛ ነው። ሳቁ ትእዛዝ ነው፤ ሚስትህን ጠብቅ፣ ቁልፍ፣ ካስፈለገም ምታ ይለዋል። ባልየው በገበያ የተሳቀበትን ሳቅ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያወራርደው ከማን ጋር ነው? ባላዱ ይህን አይዘፍንም። የባላዱ ሳቅ በባል ላይ ይጀምርና በዱላ መልክ በሚስት ላይ ያልቃል።

ሕጉም ቢሆን ሚዛኑ የተዛባ ነበር። በግንቦት 1650፣ ንጉሡ ከተገደለ በኋላ አገሩን የያዘው ፓርላማ ዝሙትን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። ባለ ትዳር ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ብትገኝ ከነወንዱ ትሞታለች። ባለ ትዳር ወንድ ካላገባች ሴት ጋር ቢገኝ ግን ቅጣቱ ሦስት ወር እስራት ነው። በሕጉ የተገደሉት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ፈራጆቹም የሞት ፍርድ ሲያስፈራቸው ጥፋተኛ አይደለችም ማለትን ይመርጡ ነበር። በ1660 ንጉሡ ሲመለስ ሕጉ ቀረ። ቢሆንም አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ ዘፈኖች የሚያስቁበት አገር ሚስቲቱን መስቀያ ላይ የሚያወጣ ሕግ ነበረው።

ይህን ስል የሚቃወመኝ እንዳለ ዐውቃለሁ። ፓሜላ አለን ብራውን በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ ሴቶች የእነዚህ ቀልዶች ዒላማ ብቻ ሳይሆኑ ሰሚዎች፣ ተናጋሪዎችና ተጫዋቾችም እንደነበሩ ትከራከራለች። ክርክሯ ከባድ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ግጥሙን የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ነገር ግን ባላድ እንደ መጽሐፍ አይቀመጥም፣ ይዘፈናል። ወንድ የጻፈውን የሚስት መልስ አንዲት ሻጭ ሴት በገበያ ቆማ ስትዘፍነው፣ ዙሪያዋን ያሉት ሴቶች ሲቀበሏት፣ ቃሉ የእርሷ ይሆናል። ለአንድ ዘፈን ጊዜ ያህል አንደበቱ የሴት ነው። የማልቀበለው ይህች ጊዜ ነፃነት ተብላ ስትጠራ ነው። በዓመት አንድ ቀን ልጓም የሚፈታለት ፈረስ የታሰረ ፈረስ ነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢያችን ወደ ፒፕስ እንመለስ፤ “ትዳር፣ ባለ ቀንድነት፣ ወዘተ” የሚለውን መዝገብ በራሱ ሕይወት ያስመዘገበ ሰው ነውና። ፒፕስ ከ1660 እስከ 1669 በአጭር እጅ ጽሕፈት የያዘው የዕለት ማስታወሻ አለው። በ1663 ሚስቱ ኤልሳቤጥ ዳንስ ትማር ጀመር፤ መምህሩ ፔምብልተን የሚባል ነበር። ፒፕስ በቅናት አበደ። ባለ ቀንድ ሆኜ ይሆን? ብሎ ከሥራው ድንገት እየመጣ ይሰልላል፤ ሚስቱ የውስጥ ልብስ መልበስ አለመልበሷን እስከ ማየት፣ አልጋው ተኝተውበት እንደሆነ እስከ መመርመር ደረሰ። የሚያገኘው ነገር ግን የለም። በዚያው ጊዜ አካባቢ ራሱ ደፕትፈርድ ከነበረ የመርከብ አናጢ ሚስት፣ ከወይዘሮ ባግዌል ጋር መማገጥ ጀመረ። አናጢው የተሻለ መርከብ ላይ መመደብ ይሻ ነበር፤ መዳቢው ፒፕስ ነው። ከለንደን ወደ ደፕትፈርድ በጀልባ የሚወርድ ሰው በዚያ በባለ ቀንዶች ጥግ ማለፉ አይቀርም።

ጥቅምት 25 ቀን 1668 ኤልሳቤጥ ባሏን ደብ ዊሌት ከምትባል ወጣት ደንገጡሯ ጋር ተቃቅፎ አገኘችው። ልጅቱ ተባረረች። በጥር 1669 አንድ ሌሊት ደግሞ ሚስቲቱ ጫፉ በእሳት የቀላ መቆንጠጫ ይዛ ወደ አልጋው መጣች። ይህ ከባላድ የወጣ ትዕይንት ይመስላል፤ ግን አያስቅም። ለተታለለው ባል የተለየ የስድብ ስም የነበረው የዚያ ዘመን ቋንቋ ለተታለለችው ሚስት እንዲህ የሚታወቅ ስም አላወጣላትም፤ በግንባሯ ላይም ቀንድ አልበቀለም። እንደ እርሷ ያለችው ሴት ገበያ የሚያስቅ አይደለችም፤ መከራዋ ዜና ስላልሆነ። ባሏ ለሌሎች ባሎች ቀንድ መዝገብ ሲከፍት የእርሷን የሚመዘግብበት ርእስ አልነበረውም።

በቤተ መንግሥትም ያው ነው። ታኅሣሥ 31 ቀን 1662 ፒፕስ በቤተ መንግሥት በተደረገ የዳንስ ምሽት ተገኝቶ ነበር። ዳግማዊ ቻርልስ የገጠር ዳንስ ሲጀመር መሪ ሆኖ ተነሣና የድሮ የእንግሊዝ ዳንስ ነው ብሎ ባለ ቀንዶችን የሚጠራ ርእስ ያለው ዜማ አዘዘ፤ ዜማው በ1651 ጆን ፕሌይፎርድ ባሳተመው የዳንስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በግንቦት ወር ያገባት ንግሥት ካትሪን ነበረች። ውሽማው ባርባራ፣ እመቤት ካስልሜንም ነበረች። የባርባራ ባል ሮጀር ፓልመር ከዓመት በፊት የካስልሜን ባላባትነት ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር፤ ማዕረጉ ግን ከባርባራ ለሚወለዱት ልጆች ብቻ የሚተላለፍ ነው ተብሎ ተጻፈ። በንጉሥ ጆን አፈ ታሪክ ለባለ ወፍጮው የተሰጠው መሬት እዚህ በማኅተም የታተመ ማዕረግ ሆኗል። ፒፕስ እንደሚለው ንጉሡ ሲደንስ ንግሥቲቱ ሳትቀር ሁሉም ሴቶች ይቆማሉ። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ የንጉሡ እግር አይደለም፤ ቆማ የምትመለከተው የባዕድ አገር ሴት ፊት ነው።

እንዲህ ያለው ቅርስ እንዴት ተላለፈልን የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጳጳሱ ቶማስ ፐርሲ ወጣት ሳሉ በአንድ ወዳጃቸው ቤት ገረዶች እሳት ሲያቀጣጥሉበት ያዳኑት አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ከእርሱ መርጠው በ1765 ያሳተሙት መድበል አውሮፓን አስደነቀ። የብልግናዎቹን ዘፈኖች ግን አላወጡም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1867 እና በ1868፣ ሙሉው ጽሑፍ ሲታተም እንኳ ባለጌዎቹ ተለይተው በሌላ ቅጽ ወጡ። አሜሪካዊው ሊቅ ፍራንሲስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ባሳተመው የ305 ባላዶች ታላቅ ሥራ፣ የፒፕስን ዓይነት የወረቀት ዘፈኖች አልፎ አልፎ ዕንቁ ከሚገኝበት የፍግ ክምር ጋር ነው ያመሳሰላቸው። የፒፕስ ማስታወሻም በ1825 የታተመው ተቆራርጦ ነው፤ ሙሉው መውጣት የጀመረው በ1970 ነው። በ1967 ደግሞ ደብሊነርስ የተባሉት የአየርላንድ ዘፋኞች ያንኑ የፈረሱንና የጢሙን ዘፈን በአዲስ መልክ ሲያወጡ የአገራቸው ራዲዮ አገደው። ዘፈኑ ስለ ሰባት ሌሊት ቢሆንም የዘፈኑት አምስቱን ብቻ ነበር። እንደዚያም ሆኖ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ሰባተኛ ደረጃ ደረሰ።

ቆራጮቹ ሁሉ ሴቶችንና ልጆችን ለመጠበቅ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን ብልግናውን ሲቆርጡ ማስረጃውን አብረው ቆረጡት። የሰይፉን ዘፈን፣ ሴቲቱ የምትታረድበትን፣ በክብር አሳተሙ፤ ሴቲቱ በሕይወት የምትተርፍበትን ዘፈን ደበቁ። ደም ጨዋ ሆነ፣ ሳቅ ባለጌ ሆነ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ለማን እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዝማሪው በመሸታ ቤት፣ ሚዜው በሠርግ ቤት የሚለው ሁሉ በጨዋ መድበል አይገባም። ሥነ ቃል የሚሰበስቡ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ቢያስቡ እወዳለሁ፤ ጆሮ የሚቆጠቁጠውንም ይጻፉት፣ ከጎኑ ግን ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደተከዘ ይመዝግቡ። ፒፕስ ወረቀቱን ባያስቀምጥ ሳቁን አናውቅም ነበር። የችሎቱ ጸሐፊዎች መዝገቡን ባይጽፉ ደግሞ ዕዳውን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ላጠቃልል። ከእነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹ ተራ ናቸው፤ ቀልዳቸው ከጽዋው ጋር የሚያልቅ ነው። ጥቂቶቹ ግን ከዘመናቸው ሕግ የሚሻል ልብ አላቸው። ሕጉ መስቀያ በሚያቆምበት፣ ባላባቱ ሰይፍ በሚመዝበት፣ ጎረቤት ምጣድ በሚደበድብበት አገር፣ ባልና ሚስት በአንድ ጓዳ ቆመው አንዱ ሌላውን ሳይገድል የሚያድሩበትን ሌሊት ማሰብ ችለዋል። የዘፈኖቹ ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ከ2003 ጀምሮ የፒፕስንና የሌሎችንም ስብስቦች ከነሥዕላቸው፣ ብዙዎቹንም ከነዜማቸው በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። የሚችል ሰው ገብቶ ይስማ፤ ይሳቅም። ከሳቀ በኋላ ግን ያቺን የገጠር ልጃገረድ ጥያቄ አይርሳ፤ እውነት ነው ወይ? ይበል። መልሱ ግማሹ በዘፈኑ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ነጭ አንሶላ ተከናንባ በምእመናን ፊት በቆመችው ሴት ዘንድ ነው።